ለአቶም የታጨው ዋልካ

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ምን እንደሚሠራ በቅጡ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እዚያው ከምንሠራውም ግማሾቻችን አናውቅም ነበር። የካ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ተረተር ግርጌ፣ ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ቤት ነበረን። ሥራችን የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገብ ነው። መሣሪያው ምድር ቤት፣ ወለሉ ተቆፍሮ ዓለቱ በተገለጠበት ቦታ ላይ ተቀምጧል። ከበሮ በመሰለ ነገር ላይ በጥላሸት የጠቆረ ወረቀት ይጠመጠማል፤ ከበሮው ቀስ እያለ ይዞራል፤ መሬት ስትነቃነቅ መርፌው ጥላሸቱን እየጫረ ነጭ መስመር ይተዋል።

እኔ የተቀጠርኩት ታይፕ ልመታ ነበር። የሚመታ ደብዳቤ ሲጠፋ ወረቀቱን በላምባ ጢስ ማጥቆር፣ መለወጥ፣ መስመሩን ማንበብና በቀለም ገልብጦ መሳል ለመድኩ። ጣቶቼ ጠቋቁረው ቤት ስገባ እናቴ፣ «መንግሥት ከሰል ነው እንዴ የሚያሸጥሽ?» ትለኝ ነበር።

ኃላፊያችን ውጭ አገር ስድስት ወር ስለ ዝናብ አለካክ ተምረው የመጡ ሰው ናቸው። በመሬት ላይ ሲሾሙ የተቃወመ አልነበረም። ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ሲጠየቁም የሚመልሱት እንደ ዝናብ ነበር፤ «ዘንድሮ ደህና ነው» ይላሉ።

አንድ ጠዋት ከስብሰባ ተመልሰው ሁላችንንም ጠሩን። ዘበኛውን ጨምሮ አምስት ነበርን።

«የአቶም ኃይል ማመንጫ ሊተከል ነው» አሉ። «የት ይመስላችኋል? እዚሁ፣ እኛው ደጅ።»

ቦታው ተመርጦ አልቆ ነበር። የመረጡት ትልልቅ ሰዎች እንጦጦ ላይ መኪና አቁመው፣ በመነጽር ቁልቁል አይተው፣ ሜዳ የሆነውን በጣታቸው ጠቁመው ተመልሰዋል። ያ ሜዳ በክረምት በሬ የሚሰምጥበት፣ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ ጥቁር ዋልካ ነው። አባቴ አርሶት ያውቃል፤ ቤት ሊሠራበት ግን አስቦ አያውቅም። ከላይ ሲያዩት ግን ለጥ ያለ፣ የሚያምር ነው። ሰሌዳ ተጽፎ ቆመበት፤ አጥርም ተጀመረ።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው ማሽኑን ሊሸጡልን ያሰቡት የውጭ ሰዎች፣ እዚያ ቦታ ላይ መሬቱ ቢንቀጠቀጥ ምን ያህል ይንቀጠቀጣል ብለው በደብዳቤ የጠየቁት። ጥያቄው ተገቢ ነበር። እንዲህ ያለ ማመንጫ ግድግዳው ሲሰነጠቅ እንደ ወፍጮ ቤት ዘግተውት የሚሄዱት ነገር አይደለም። ካጠፉትም በኋላ ውስጡ ይግላል፤ መርዙ አንዴ ከወጣ የሚሰበስበው የለም። ስለዚህ የሚሠራው ሰው መሬቱ ቢከፋበት እስከ ምን ድረስ ሊንጠው እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በዚህ ደብዳቤ የተነሣ ተረስቶ የኖረው ቤታችን በአንድ ሳምንት ውስጥ ታላቅ መሥሪያ ቤት ሆነ።

የኃላፊያችን የመጀመሪያ እርምጃ መሣሪያውን ከምድር ቤት አስወጥተው ፎቅ ላይ፣ ከቢሯቸው በር አጠገብ ማስቆም ነበር።

«ጌታዬ፣ ታች የተቀመጠው እኮ ዓለት ላይ እንዲሆን ተብሎ ነው» አልኳቸው።

«እንግዳ ምድር ቤት አይወርድም» አሉኝ።

እንግዳ ሲመጣ ኃላፊያችን የሳንቃውን ወለል በተረከዛቸው መታ ያደርጋሉ፤ መርፌው ይዘላል፤ እንግዶቹ ያጨበጭባሉ። አንድ ሰፊ ሰውነት ያላቸው ሹም እኔም ልሞክረው ብለው ሲዘሉ መርፌው ተነቅሎ ወደቀ። ኃላፊያችን ዝቅ ብለው እጅ ነሥተው፣ «በአገራችን ከተመዘገቡት ሁሉ የላቀ ነው» አሏቸው። ሹሙ ደስ ብሏቸው ሄዱ። መርፌውን ሦስት ቀን ሙሉ የጠገንኩት እኔ ነኝ።

ከአራት ወር በኋላ የውጭው ባለሙያ መጣ። ኃላፊያችንን አንቱ፣ እሱን አንተ እያልኩ የማወራው እሱን ንቄው አይደለም፤ የምንግባባበት እንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለው እንዲሁ ለመደብኝ። ቀጭን ሽማግሌ ነው፤ መሬቱ ዘወትር የሚናወጥ አገር ተወልዶ ያደገ። የአራት ወሩን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼለት ከጠዋት እስከ ምሳ ሲያየው ዋለ። በመጨረሻ ቀና ብሎ ጠየቀኝ።

«እዚህ አገር በየቀኑ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ስምንት ሰዓት ላይና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መሬት ይንቀጠቀጣል። እሁድና በዓል ግን አይንቀጠቀጥም። ለምንድን ነው?»

ለኃላፊያችን ተረጎምኩላቸው። ትንሽ አሰቡ።

«ሕዝቡ ሃይማኖተኛ ነው በይው» አሉኝ።

አላልኩትም። ሠራተኛው ደረጃውን የሚወጣበትና የሚወርድበት ሰዓት መሆኑን ነገርኩት። አልሳቀም። ብድግ ብሎ የመሣሪያውን አንድ ጎን ያዘ፤ እኔ ሌላውን ያዝኩ፤ ዘበኛውን ጠርተን ወደ ምድር ቤት መልሰን አወረድነው። ኃላፊያችን በሩ ላይ ቆመው ሲያዩን ፊታቸው ሠርግ ቤት ገብተው ቦታ ያጡ ሰው ፊት ይመስል ነበር።

ባለሙያው እንደሚለው ለእንዲህ ያለ ሥራ የጥቂት ዓመት ወረቀት፣ ያውም እንደኛው የተበላሸ፣ አይበቃም። ማመንጫው የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ይቆማል፤ ስለዚህ የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል የኖሩትን መጠየቅ ያስፈልጋል። ምን ወደቀ? የቱ ግድግዳ ተሰነጠቀ? እንስራ ውስጥ ያለ ውኃ ፈሰሰ ወይስ ተነቃነቀ ብቻ? ከዚህ ተነሥቶ መናወጡ ምን ያህል እንደነበር ይገምታል።

ኃላፊያችን ለዚህ የሚሆን ቅጽ አዘጋጁ። ስም፣ አጥቢያ፣ ከዚያ «መንቀጥቀጥ አለ» ወይም «የለም»። ከታች የማኅተም ቦታ።

ከባለሙያው ጋር ቅጹን ይዘን ሜዳው ዳር ያሉትን ቤቶች አንድ በአንድ ዞርን። ሁሉም «የለም» አሉ። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም፣ «እኛ ሰው በድለን አናውቅም፤ መሬታችንም አርፋ የተቀመጠች ናት» አሉን። ነገሩ ገባኝ። ሰሌዳውን አይተዋል፤ አጥሩን አይተዋል፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት የያዘ ሰው ቤታቸውን ሊያፈርስ የመጣ እንደሆነ ያውቃሉ። ቅጹን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ቤታችን በምንናገረው ኦሮምኛ አወራኋቸው።

«ምንም ብትሉ ሊያነሷችሁ ከፈለጉ ያነሷችኋል። እኔ የምጠይቃችሁ የሆነውን ነው» አልኳቸው።

ከመንግሥት ሠራተኛ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም መሰለኝ፤ ያን ቀን እስከ ማታ ድረስ ሲያወሩን ዋሉ።

የበለጠ የጠቀሙን ግን እንጦጦ መንገድ ላይ ያገኘናቸው አንዲት እንጨት ተሸካሚ ሴትዮ ናቸው። የባሕር ዛፍ ጭነታቸውን ገደሉ ላይ አስደግፈው አረፍ ብለው ነበር። ባለሙያው ከጎናቸው ተቀመጠ፤ እኔ ቆሜ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ ያስታውሳሉ?»

«ልጄን በዳርኩ በዓመቱ ነው» አሉ። «ረፋዱ ላይ እዚሁ ላይ እንጨት እለቅም ነበር። ልሸከም ጎንበስ ስል አዞረኝ። እህል ሳልቀምስ ስለወጣሁ ነው ብዬ ትንሽ ተቀመጥኩ፤ ለቀቀኝ። ጩኸት የሰማሁት ስወርድ ነው።»

«ታች ምን ሆኖ አገኙት?»

«የልጄ ቤት ዋልካው ላይ ነው። በወንዙ በኩል ያለው ግድግዳዋ ተኝቷል። ጋኗ አልወደቀም፤ ግን ከንፈሩ የተሸረፈበት ጎን ወደ በሩ ነበር፣ ዞሮ ወደ ጓዳ ሲያይ አገኘነው። ማን ነካው ተባብለን ከባሏ ጋር ተኳረፍን።»

ይህን ስተረጉምለት ባለሙያው ማስታወሻውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በፍጥነት ይጽፍ ጀመር። ምን ያህል ዞረ ብሎ ሲያስጠይቀኝ ሴትዮዋ በቃል አልመለሱም፤ ራሱ ላይ ያለውን ባርኔጣ በሁለት እጃቸው ይዘው ሩብ ያህል አዞሩት። ባለሙያው ባርኔጣው እንደዞረ ከተራራው ወረደ።

በመንገድ ላይ አስረዳኝ። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ያለ እርጎን አስቢው አለኝ። ሳህኑን ነካ ብታደርጊው ሳህኑ ወዲያው ይረጋል፤ እርጎው ግን ሲወዛወዝ ይቆያል። ዓለቱ ሳህኑ ነው፤ ዋልካው እርጎው።

የእማማን ቃል ለማረጋገጥ ይዞት የመጣውን ሁለተኛ መሣሪያ ሜዳው ላይ ጎጆ ቀልሰን አቆምነው። አንዱ ዓለት ላይ፣ አንዱ ዋልካ ላይ፤ ጠዋትና ማታ ሁለቱንም ወረቀት የምለውጠው እኔ ነበርኩ። ከብዙ ሳምንት በኋላ አንድ ረፋድ ላይ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጫቀጨ። ቀላል ነበር፤ ኃላፊያችን ጋዜጣቸውን እንኳ አላወረዱም። ወረቀቶቹን አመጣኋቸው። ዓለቱ ላይ ያለው መርፌ የጫረው ምስር የምታህል እብጠት ነው። ዋልካው ላይ ያለው ግን ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ቀዶት ነበር ማለት ይቻላል።

በማግስቱ ኃላፊያችን ጠሩኝ። የማመንጫውን ነገር ለሚወስነው የሹማምንት ኮሚቴ የሚቀርበውን ሥዕል የምሠራው እኔ ነበርኩ።

«ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን አድርጊያቸው» አሉኝ። «የዋልካው እንዲህ ገጹን ሞልቶ ሰው እንዳያስደነግጥ አሳንሽው። እኩል እንዲመስሉ።»

«መለኪያውን ከሥሩ ልጻፍበት?»

«ጽሑፍ ሲበዛ ያደናግራል።»

ሠራሁት። እዚህ ላይ ለራሴ የማዝንበት ምክንያት የለኝም። ሌሎች ሴቶች ቢሮ የሚገቡት ሻይ ይዘው በነበረበት ጊዜ ወንበር የነበረኝ ሰው ነኝ፤ ወንበሬን ወደድኩ። እጄ ግሩም ነበር። መስመሮቹን በቀጭን ብዕር አሳምሬ፣ ምስሩንና ሰማይ ጠቀሱን መንታ አስመስዬ ሳልኳቸው። እናቴ ያን ማታ ምነው አልበላሽም አለችኝ፤ ጥርሴን አሞኛል አልኳት።

ባለሙያው ሥዕሉን ሲያይ አልተቆጣም።

«ማን ነው የሳለው?»

«እኔ።»

«እጅሽ ያምራል። መለኪያውስ?»

«ተትቷል።»

«ማን ተወው?»

«እኔ» አልኩት። «ታዝዤ።»

ብዕሩን አቀበለኝ። ኮሚቴው በሚቀጥለው ክፍል ሲሰበሰብ ይሰማል። መለኪያውን ከሁለቱም ሥር ጻፍኩ፤ የዋልካው ስንት እጥፍ ተቀንሶ እንደተሳለ በሚነበብ ፊደል አደረግሁት፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ይዤው ገባሁ።

ስብሰባው ላይ ባለሙያው ሥዕሉን አሳየ፤ ከዚያ የእማማን ቃል፣ ጋኑን ጨምሮ፣ አነበበ። መርፌ የነቀሉት ሰፊው ሹም እጃቸውን አነሡ።

«ሴትዮዋ ዲፕሎማ አላቸው?»

ተረጎምኩ። ባለሙያው የመለሰውንም ተረጎምኩ፦ «ያን ቀን እዚያ ቦታ ላይ ዲፕሎማ ያለው ሰው አልነበረም።»

ኃላፊያችን እኔን እንጂ እሱን አላዩትም። የሱ ምክር አጭር ነበር። ዋልካው ላይ አይሆንም። የግድ ካስፈለገ ወደ ላይ፣ ዓለቱ ላይ ይሁን፤ እሱም ቢሆን ለዓመታት በትክክል ከተመዘገበ በኋላ። ኮሚቴው ምክሩን በአክብሮት ተቀበለና እሱ አውሮፕላን ላይ በወጣ በሳምንቱ ሌላ መፍትሔ አገኘ። ቃለ ጉባኤውን ታይፕ የመታሁት እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። «ዋልካ» የሚለው ቃል በተገኘበት ሁሉ ተሰርዞ «ጥቁር ጽኑ አፈር» ተብሎ ተተካ። ቦታው ባለበት ጸና።

እማማን ፈልጌ እንጦጦ ወጣሁ። ሰውየው የነገሩትን እንዳመነ፣ ታች እንዳይሠራ እንደመከረ ነገርኳቸው።

«ታዲያ የት ይሁን አለ?»

«ወደ ላይ፣ ዓለቱ ላይ።»

«ዓለቱ ላይ ያለነው እኮ እኛ ነን» አሉ። ጭነታቸውን አዝለው ሄዱ። ስለ እሳቸው ቤት እኔም ባለሙያውም አንድ ቀን እንኳ እንዳላሰብን ያን ጊዜ ነው የታወቀኝ።

ማመንጫው በመጨረሻ አልተተከለም። ያስቀረው ግን መሬቱ አይደለም፤ እኔም አይደለሁም። ሁለት መሥሪያ ቤቶች ሰሌዳው ላይ የማን ስም ከላይ ይጻፍ በሚለው ሳይስማሙ ደብዳቤ ሲጻጻፉ ማሽን ሻጮቹ ሰልችቷቸው ተዉት። አጥሩን ሰፈሩ ማገዶ አደረገው። ሰሌዳው ብዙ ክረምት ቆየ፤ ከብት የሚነዱ ሰዎች ወዴት ነው ሲባሉ «ወደ አቶም» ይሉ ነበር።

ኃላፊያችን ተሹመው ወደሚበልጥ ቢሮ ተዛወሩ፤ ሦስት ፎቅ ያለው ነው አሉ። ከመሄዳቸው በፊት እኔን ወደ ታይፕ ክፍል መለሱኝ። ለተኳቸው ሰው ወረቀቱን የሚያነብ ሌላ እንደሌለ ስነግራቸው፣ «እንግዲያው አንቺው ውረጂ» አሉኝ። ወረድኩ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስም ጥላሸቱን አልለቀቅሁም።