ከማተቤ ላይ የቀረው ወርቅ

ከሽንፋ በወጣሁበት ማታ ልጄ ደብሬ ከነጠላዋ ጫፍ ነጭ ክር መዘዘች፣ ገመደችና ካንገቴ አሰረችልኝ። «ማተብ ይሁንሽ። እስክትመለሽ እንዳትፈችው፣ እማ» አለችኝ። አባቷ ከሞተ ወዲህ ሰሊጥ አጭጄ ላስተምራት ባልችል ነው መሄዴ። በመተማ ዮሐንስ አድርጌ ወደ ሱዳን የሚያሻግረውን ድልድይ በእግሬ ስሻገር ያችን ክር ጨብጫት ነበር፤ ሌላ የምጨብጠው ሰው አልነበረኝማ።

የካርቱም ሙቀትስ የኛው የቆላው ሙቀት ነው፤ ግን «ነይ ጥላው ስር ተቀመጭ» የሚል የለም። ኪስራ የሚሉት ምግባቸውም ከማሽላ ነው፣ ሲያዩት እንጀራ ይመስላል፤ አፍ ሲደርስ የሰው አገር ነው። አከራይዋ አንድ ቀን በሬን አንኳኳች።

«ብቻዬን ነኝ ብለሽኝ አልነበረም? ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከራሴ ጋር ነው፣ ሐጃ።»

«እንግዲያ እሷም ኪራይ ትክፈል!»

ሳቅሁ። በሩን ዘግቼ ግን አለቀስሁ።

ሥራዬ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ብርጭቆ ማጠብ ነው። የሥራ ወረቀቴን የምትፈርምልኝ አሠሪዬ፣ ዶክቶራ የምንላት ተመራማሪ ናት፤ ያለዚያ ወረቀት ፖሊስ ካገኘኝ እስር ቤት ነኝ። እሷ የምትሠራበት ወርቅ እኛ የምናውቀው አይደለም፤ ደቅቆ ደቅቆ ዓይን ከማያየው ደርሷል፣ ውሃ ውስጥ ሲሆን እንደ ከርከዴ ሻይ ይቀላል። እያንዳንዷ ቅንጣት ከሌላዋ እንዳትጣበቅ የሚከልል ልብስ አላት አለችኝ። ያንን ልብስ ዶክቶራ አጥባ ታወልቀዋለች።

«ምን አድርጎሽ ታራቁችዋለሽ?» አልኋት።

«ለብሶ ሌላውን አይነካም፤ ካልነካ ደግሞ አይሠራም። ከተራቆተ ግን ያገኘውን ሁሉ ይይዛል።»

ካንገት የሚንጠለጠል ነገር እዚያ ክፍል አይገባም። እኔ ማተቤን ልብሴ ስር ደብቄ እገባ ነበር። አንድ ቀን አጥባ ከጨረሰችው ወርቅ አጠገብ ዕቃ ላነሳ ጎንበስ ስል ክሩ ሾልኮ ገባበት። ሳወጣው ነጩ ክር ወይን ጠጅ መስሏል። ባሸው ባሸው እንቢ አለኝ።

«ወርቄን አስረሽው ልትሄጂ ነው?» አለች ዶክቶራ። የምትስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀችም። «ኸላስ፣ በቃ! ወይ ክሩን ፍቺ፣ ወይ ሌላ ሥራ ፈልጊ።»

ፈታሁት። ጠርሙስ ውስጥ ከታ መደርደሪያው ላይ አኖረችው። ወርቁ እንኳ ሲራቆት የሚይዘው አገኘ ብዬ ቆሜ አየሁት።

እሑድ ለደብሬ ደወልሁ።

«እማ፣ ማተብሽ አለ?»

እጄ ወደ ባዶ አንገቴ ሄደ። «አለ። ወርቅ ይዟል።»

«ወርቅ! በይ ተሳክቶልሻል!» ብላ ጮኸች፤ ለጎረቤት ስትናገርም ሰማኋት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ታዲያ መቼ ትመጫለሽ?» አለች።

«ትምህርትሽስ እንዴት ነው?» አልኋት።