የበላኝን የጠራሁ ዕለት

የልጅ ልጄ ሰሞኑን አስማተኞች ከክፉ መንፈስ ጋር የሚተናነቁበት፣ ድርሳን የሚያህል ልብ ወለድ ይዛ ካላነበብኩልሽ ትለኛለች። ትናንት ቀና ብላ «እማማ፣ አንቺስ እንዲህ ያለ ክፉ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ስትለኝ ፊቴ ጋለ። አይቻለሁ እንጂ! የእኔው ክፉ ግን ጥቁር ካባ አልለበሰም፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፣ እኔው ራሴ ነበርኩ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ቢቸና። ከቤታችን ጀርባ ሸክላ ሠሪዋ እትዬ የሻረግ ይኖሩ ነበር። ሰው እንስራቸውን ይገዛል፣ ዞር ብሎ ደግሞ ቡዳ ናቸው እያለ ያማቸዋል። እኔ ሆዳሟ ግን ዓይኔ ከግቢያቸው ኮክ ላይ ነበር። አንድ ቀን አጥር ዘልዬ ጥርስ የሚያደነዝዘውን ጥሬ ኮክ ስሰለቅጥ ደረሱብኝ። አልተቆጡም፤ «ተይ ያምሻል፣ ሲበስል እኔው እሰጥሻለሁ» ብቻ አሉኝ።

አመመኝም። ሆዴ ተነፍቶ ስንፈራገጥ እናቴ «ልጄን በሉብኝ!» ብላ ጮኸች፣ ደብተራ ተጠራ። በጋቢ ሸፍነው የሆነ ሥር አጨሱብኝ፤ እንባና ንፍጤ ተደበላልቆ ስስል ደብተራው «ማነህ አንተ? ተናገር!» እያለ ያፋጥጠኛል። በእኛ አገር እንዲያ ተይዞ የሚለፈልፍ ሰው፣ በአፉ የሚናገረው የበላው ቡዳ ነው ይባላል፤ የጠራውን ስም የሚጠራጠር የለም። ኮክ ሰርቄ ነው ብል ደግሞ የአባቴ አለንጋ አለ። ድምፄን አጎርንኜ «የሻረግ ነኝ» አልኩ። ያቺን ማጎርነኔን ሳስብ ዛሬም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወዳለሁ።

እትዬ የሻረግን እየገፈተሩ አመጧቸው፤ ቡዳው ምራቁን እንትፍ ካላለበት የተበላ አይድንም ይባል ነበርና። ኮኩን ያወጡብኛል ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ቢናገሩስ ማን ሊሰማቸው? እንትፍ አሉብኝና «እግዜር ይማርሽ» ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲያ እንስራቸውን የሚገዛ ጠፋ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ቤታቸውን ዘግተው ወደ ሞጣ ተሰደዱ።

ንጉሡ ሳይወርዱ አስተማሪ ሆኜ ሞጣ ተመደብኩ። የበኩር ልጄን አዝዬ ገበያ ስወጣ ከሸክላቸው ኋላ ተቀምጠው አየኋቸው። ዋሽቼ ነው፣ ይማሩኝ ልላቸው ስንት ዓመት ያዘጋጀሁትን ቃል ይዤ ቀረብኩ። ለዩኝ፣ ፈገግም አሉ። ወዲያው ግን ከጀርባዬ ያለውን ሕፃን ሲያዩ ነጠላቸውን ስበው ዓይናቸውን ከለሉ። «አላየሁትም ልጄ፣ አይዞሽ» አሉኝ።

ንጹሕ መሆናቸውን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አልነበረም። ይቅርታዬን ሳልናገር ተመለስኩ፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ እጄ ቀድሞኝ የልጄን ፊት ሸፍኖት ነበር።