ከእንሰቱ ጓሮ የወጣው ቶርኖ

ልጅ እያለሁ ሶዶ ውስጥ ወፍጮ በተበላሸ ቁጥር የሚጠራው አባቴ ነበር። በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ፣ ወላይታዋን እናቴን አግብቶ፣ የወፍጮ ሞተር ጠጋኝ ሆኖ እዚያው ቀረ። ልብሱም እጁም ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። እኔ ያን ሽታ ከሽቶ አስበልጠው ስለነበር ከሥራ ሲመለስ እጁን ለማስታጠብ የሚቀድመኝ የለም።

አባቴን የሚያንገበግበው አንድ ነገር ነበር። የሞተሩ ዕቃ ሲሰበር ምትኩ አዲስ አበባ ተቀርጾ እስኪመጣ ሰው እህሉን እንደተሸከመ ይመለሳል። «ቶርኖ ቢኖረኝ ጓሮዬ ውስጥ እቀርጸው ነበር» ይላል፤ ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጠውን መኪና ማለቱ ነው። ጣሊያን ሲወጣ በቺንግያ፣ በቆዳ ቀበቶ፣ የሚዞር አንድ ቶርኖ እዚሁ ወላይታ ጥሎ ሄዷል የሚል ወሬ ሰምቶ፣ ገበያ በቆመ ቁጥር ሽማግሌ ሲጠይቅ ይውላል። ቢጠና ድረስ በእግሩ ሄዶ ባዶ እጁን ተመልሷል። እናቴ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለች ትስቅበታለች። እኔና ታናሽ ወንድሜ ግን እናምነው ነበር። መልኩን እንድናውቀው በከሰል መሬት ላይ ስሎ አሳይቶናል፤ ቺንግያው የሚያርፍበትን ፑሌጃ ጭምር፣ ትልቅና ትንሽ ድስት እንደተደራረበ ደረጃ ደረጃ ያለውን።

አንድ ክረምት እናቴ እንሰት ፍቂያ እንዳግዝ ሻንቶ የምትኖረው አክስቴ ዘንድ ሰደደችኝ። ወንድ እንሰት ወደሚፋቅበት ቦታ ድርሽ አይልም፤ ነውር ነው። ሴቶቹ ከጓሮው መሀል፣ ቅጠሉ ሰማይ በከለለበት፣ እግራቸውን ዘርግተው እየዘፈኑና ባሎቻቸውን እያሙ ይፍቃሉ። የእንሰቱ ጎምዛዛ ሽታ ፀጉር ውስጥ ገብቶ ይከርማል። የአክስቴ መፋቂያ ሳንቃ የታሰረው ቅጠል ከለበሰ አንድ ትልቅ ብረት ጋር ነበር፤ የቱንም ያህል ቢደገፉት አይነቃነቅም። እረፍት ላይ ሳለን ቅጠሉን ገለጥ ባደርግ አባቴ የሳለው ያ ድርብርብ ድስት ተቀምጧል። ልቤ ቀጥ አለ።

የአክስቴ ባል አባት ጣሊያን ጥሎት የሄደውን በበሬ ጎትተው አምጥተውት ኖሯል። እሳቸው ሲሞቱ እንሰቱ ዙሪያውን በቀለ፣ ሴቶቹም መደገፊያ አደረጉት። አክስቴ አባቴ መኪና እንደሚፈልግ በደንብ ታውቃለች፤ ይኼ ግን ለእሷ «ብረቱ» እንጂ መኪና አልነበረም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ። ስነግራት ሳቀችና በወላይትኛ «ለአባትሽ ሳይሆን ለአንቺ ነው የምሰጥሽ። ያየሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ።

ወንድ መግባት ስለማይችል ያወጡት ሴቶቹ ናቸው። የሚያዳልጠውን የእንሰት ልጣጭ መሬት ላይ እያነጠፉ፣ በቃጫ ገመድ እየጎተቱ፣ አንዷ ስትወድቅ ሌላዋ እየሳቀች አስፋልት ያልነካው መንገድ ዳር አደረሱት። አባቴ ተልኮበት መጥቶ እዚያ በተውሶ ካሚዮን ይጠብቅ ነበር። ብረቱን ሲያይ ተንበርክኮ በካፖርቱ እጅጌ ጭቃውን ጠረገለት። ከዚያ ትከሻዬን ይዞ «የመጀመሪያውን ብረት የምትቆርጪው አንቺ ነሽ፤ ሥራውንም አስተምርሻለሁ» አለኝ። አባቴ ጸሎተኛ ሰው ነው፤ ቃሉን በዋዛ አያወጣም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የሕይወቴ ደስታ ነበር። ዝገቱን አብረን በናፍጣ አጠብን። ጓሮ ዳስ ጣልን፤ አሮጌ ሞተር ተተከለ። ቺንግያውን ከበሬ ቆዳ ቆርጦ ሰጠኝና በጅማት የሰፋሁት፣ እንዳይደርቅም ሞራ የቀባሁት እኔ ነኝ። ጣቶቼ ቆስለው ትምህርት ቤት እርሳስ መያዝ አቅቶኝ ነበር።

ሥራ በሚጀመርበት ቀን ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። እኔ ፀጉሬን ተሠርቼ ቶርኖው አጠገብ ቆሜያለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጸልየው ሲጨርሱ «ይህን የመሰለ ዕቃ ማን አገኘው?» ብለው ጠየቁ። አባቴ ቀና ብሎ ወንዶቹን አየ። ከሴቶች የእንሰት መፋቂያ ወጣ ብሎ መናገር፣ ያውም በሴት ልጅ ተገኘ ማለት፣ ለዓመት መሳቂያ ያደርገዋል። እጁን ወንድሜ ራስ ላይ ጫነና «ይኼ ልጄ ነው፤ ወንዝ ዳር አገኘው» አለ። ወንድሜ ሻንቶን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ግራ ተጋብቶ አባቴን ሽቅብ አየው። አባቴም የወንድሜን ትንሿን እጅ ይዞ የቶርኖው እጀታ ላይ አሳረፋት፤ ቺንግያዬ ዞረ፣ ሰው አጨበጨበ።

እንግዳ ሲሸኝ አባቴ ወደ እኔ መጥቶ «አንቺ ብልህ ነሽ፣ ይገባሻል» አለኝ። አልገባኝም። ዛሬም አልገባኝም። እናቴን ባለቅስባት «ሰው ፊት ምን ይበል? ሆድ ይፍጀው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ወደ ዳሱ የምሄደው ምሳ ለማድረስ ብቻ ሆነ፤ ወንድሜ ሥራውን ተማረ። እጅ ማስታጠቡንም ተውኩት፤ አባቴ ለምን እንደተውኩት ጠይቆኝ አያውቅም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ግን ደግ ነበር፤ ለዚያ ነው እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ።

አባቴ ካረፈ ቆየ። ወንድሜም አርጅቷል፤ ታሪኩ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲነገረው ስለኖረ የእውነት ያገኘው ይመስለዋል። ወንዙን፣ ቁጥቋጦውን፣ ልቡ እንዴት ቀጥ እንዳለ ሳይቀር እያሳመረ ያወራል። አይዋሽም፤ ትዝ ይለዋል። እኔን የሚቆጨኝ ቶርኖው አይደለም፤ ቶርኖ ብረት ነው። የወሰዱብኝ ያንን ቀን ነው።

ዛሬ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ቱታ የለበሱ ሴቶች ልጆች ዘይት በዘይት ሆነው ሲወጡ አያለሁ፤ የሚስቅባቸው የለም። ደስ ይለኛል፤ ቅናትም ይሰማኛል። የወንድሜ የልጅ ልጅ አንዷ ናት። ባለፈው እሑድ አያቷ እንደ ልማዱ ስለ ወንዙ ሲያጫውታት ቆይቶ፣ ድንገት ወደ እኔ ዞረችና «እቴቴ፣ ያኔ አንቺስ የት ነበርሽ?» አለችኝ።

ወንድሜ ፈገግ ብሎ መልሴን ይጠብቃል።

«ቤት ነበርኩ» አልኳት።