በሁለት ጋዞች መካከል የቆመ ብራና

ደብረ ብርሃን የሄድኩት ስለ ገብስ ምርት ልጽፍ ነበር። ሥራዬን ጨርሼ መኪና ስጠብቅ አንድ ወጣት የሳይንስ መምህር ወደ ትምህርት ቤቱ ጋበዘኝ። በእነዚያ ዓመታት ሬዲዮው ስለ ጠፈር መንኮራኩሮች ያወራ ነበር፤ መምህሩም በእነርሱ ውስጥ እንደሚደረገው ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ሳይነዱ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚሰጡ ለተማሪዎቹ ሊያሳይ ተነሥቷል።

ሁለቱ ጋዞች መገናኘት የለባቸውም፤ ተቀላቅለው እሳት ካገኛቸው ይፈነዳሉ። በመካከላቸው በአሲድ የራሰ ስስ ሽፋን ይቆማል፤ የሃይድሮጂኑ ደቃቅ ፍሬ በሽፋኑ ሲሾልክ ኤሌክትሪኩ በሽቦ ዞሮ ይመጣል። ፈረንጆቹ ለዚህ የሚሠሩት ፕላስቲክ ስላልተገኘ መምህሩ ከአንኮበር ብራና አስመጣ። ብራናውን የፋቁት ቄስም ሥራቸውን ሊያዩ መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል።

ርእሰ መምህሩ ከኋላ ቆመዋል። ባለፈው ዓመት በዚሁ ክፍል ጠርሙስ ፈንድቶ የአንዲት ተማሪ ጉንጭ ተቆርጧል።

«ዛሬ አንድ ነገር ቢፈነዳ ክፍሉን እዘጋዋለሁ፤ አንተም ሌላ ሥራ ፈልግ» አሉት በሁላችን ፊት።

መምህሩ ኦክስጅኑን ከዱቄት አሙቆ ለማውጣት የአልኮል ፋኖስ ለኮሰ። ከብራናው በግራና በቀኝ አረፋ መውጣት ጀመረ፤ የኤሌክትሪክ መለኪያው ቀስት ተንቀጠቀጠ። ተማሪዎቹ ወደፊት ተጠጉ። እኔ ብራናውን እያየሁ ነበር። ጥግ ላይ ጥፍር የምታክል ስፌት አለች፤ ከእርሷ ወደ ኦክስጅኑ በኩል ደቃቅ የሃይድሮጂን አረፋ ይፈልቃል።

መምህሩም አየ። ቀስቱ ገና እየወጣ ነበር፤ ጥቂት ቢታገሥ ያሰበውን ባሳየ ነበር። ፋኖሱን ከድኖ አጠፋው።

«መስኮቶቹን ክፈቱ፤ ሁላችሁም ወደ ውጭ» አለ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ።

ግቢው ውስጥ ወደ ቄሱ ቀረበ።

«አባ፣ ብራናውን የሰፉት እርስዎ ነዎት?»

«ታዲያ ማን ሊሰፋው ኖሯል? ቢላዋ ሲስት ይሰፋል። ስንት ዳዊት በተሰፋ ብራና ላይ ተጽፏል! ነውር ነው እንዴ?»

«ነውርስ አይደለም። ጸሐፊ ቀዳዳውን ዞሮ ያልፋል፤ ጋዝ ግን ይገባበታል።»

«እንዴት ያለ ባለጌ ጋዝ ነው!» አሉ ቄሱ።

ተማሪዎቹ ሳቁ። ርእሰ መምህሩ አልሳቁም።

«ስለዚህ አልሠራም?»

«አልሠራም፣ ጌታዬ።»

«ባታጠፋውስ?»

«ምናልባት ይሠራ ነበር። ሊፈነዳም ይችል ነበር።»

«ባለፈው ዓመትም እንዲህ ቶሎ ብታጠፋው ኖሮ!»

ርእሰ መምህሩ ወደ ቄሱ ዞሩ።

«አባ፣ ስፌት የሌለው ይገኛል?»

«ለዚህ ባለጌ ከሆነ ፍየሏን ራሴ እመርጣለሁ።»

«ሲመጣ ጥራኝ» አሉት መምህሩን፤ ወደ ቢሯቸውም ሄዱ።

መምህሩ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ከዚያም የተሰፋውን ብራና ሊያወጣ ተመልሶ ገባ።