የሐረገወይን ሻሽ

እህቴ ሐረገወይን አሰብ ውስጥ አስተማሪ ነበረች። የቴአትር ቡድን ከአዲስ አበባ በመጣ ቁጥር ተዋንያኑን በር ላይ ጠብቃ ነጭ ሻሿ ላይ ታስፈርማለች። የአሰብ ላብ ቀለሙን እንዳያጠፋባት ፊርማዎቹን በክር ትጠልፋቸዋለች።

በ1970 ከፈራሚዎቹ አንዱ፣ ተዋናይ ውድነህ፣ ታሰረ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቤታችን ድረስ መጣ።

«ጓድ አስተማሪ፣ የፀረ አብዮተኛ ስም ጌጥ መሰለሽ? ተርትሪው።»

«እተረትራለሁ፣ ጓድ። መርፌ እስካገኝ ታገሠኝ።»

በማግስቱ ሻሹን አስራ ስብሰባ ገባች። የሌሎቹን ሁሉ ተርትራ የውድነህን ብቻ ትታው ነበር። ከዚያው ከነሻሿ ወሰዷት፤ ገደሏትም። ለቅሶ እንዳንቀመጥ የከለከለን ያው ሊቀመንበር ነው።

በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ስለ ጤናዬ ይጠይቀኝ ጀመር።

«ሻሿን መልስ» እለዋለሁ። ሌላ ሰላምታ የለኝም።