ለእንግዳ የታዘዘ ዓሣ

የመጋረጃ ቀለበት በብረት ዘንግ ላይ ሲንሸራተት የሚያሰማውን ሽርር የሚል ድምፅ ባለፈው ወር ደብረ ብርሃን፣ አንድ ልብስ መሸጫ ውስጥ ሰማሁት። ቀሚስ ልለካ ገብቼ፣ ሻጯ መጋረጃውን ከኋላዬ ስባ ስትዘጋው፣ ያ ድምፅ ይዞኝ ሀርጌሳ ገባ። በልጅነቴ ቤተሰቦቼ እንግዳ ሲመጣባቸው የሚወስዱን ምግብ ቤት፣ ሴትና ልጅ ያለበት ገበታ በመጋረጃ ይከለል ነበር፤ መጋረጃው ሽርር ካለ ምግብ መጣ ማለት ነው። እናም እኔ የዚህን ያህል ትልቅ ሴት፣ የልብስ መለኪያ ውስጥ ቆሜ አፌ ምራቅ ሞላ። ቀጥሎ ግን ሆዴ ባባና ቀሚሱን ሳልለካው ወጣሁ።

የምንኖረው መሐመድ ሞጌ ሰፈር በተከራየናቸው ሁለት ክፍሎች ነበር። አባዬ ደምሴ ለሳኝ ነበር፤ ሲሚንቶ ከጥፍሩ ሥር ወጥቶለት አያውቅም። እማዬ 31 ሜይ ሰፈር፣ አንድ ነጋዴ ቤት ታጥብና ታጸዳ ነበር። ሁለቱም የሰሜን ሸዋ ሰዎች ናቸው። እኔ ነፍስ ሳላውቅ ይዘውኝ መጡ፤ ታናሽ ወንድሜ ናሆም ግን እዚያው ተወለደ፣ እናም ከአማርኛው ይልቅ ሶማልኛው ይቀናው ነበር።

በመስከረም፣ የአገራችን አዲስ ዓመት ሲገባ፣ በድንበሯ ከተማ በወጃሌ በኩል እንግዶች ይመጡብን ነበር። የአባዬ የልጅነት ጓደኞች፣ የእማዬ የአጎት ልጆች፣ «ደምሴን ሳላየው አላልፍም» የሚሉ ነጋዴዎች ይመጡና ክፍሎቻችን ስለማይበቁን፣ በሁለት ባጃጅ ተጭነን ወደ መሐል ከተማ እንወርድ ነበር። እዚያ ጃማ የሚባል አስተናጋጅ ነበር። በአገራቸው ጦርነት ጊዜ ቤተሰቦቹ ተሰድደው ጅጅጋ አካባቢ ስላደገ አማርኛ ይችላል፤ አባዬን ገና ከበር ሲያየው «ዋርያ ደምሴ! እንኳን አደረሰህ!» እያለ ይጮህና፣ የእኛ በዓል እዚያ አገር በአደባባይ እንደማይከበር ትዝ ሲለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይደግመው ነበር። ቅመም የጠጣ ሩዝ ተቆልሎ፣ ከጎኑ ሙዝ ተቀምጦለት ይመጣል። እንግዶቹ ሙዙን ለኋላ ብለው ሲያስቀምጡት፣ እኔ ልጬ፣ ከሩዙ ጋር እየቀላቀልኩ እንዴት እንደሚበላ አሳያቸው ነበር። እነሱም «ምን ዓይነት ጉድ ነው!» እያሉ ይስቃሉ፣ ከዚያ ደግሞ ይጨምራሉ። እኔ በዚያ ገበታ ላይ የቤት ባለቤት ነበርኩ፣ ይህን በደንብ አስታውሳለሁ።

ሥጋ ግን አናዝም ነበር። በዚያ ከተማ የሚታረደውን ሁሉ የሚያርዱት ሙስሊሞች ናቸው፤ በእኛ ልማድ ደግሞ ክርስቲያን የክርስቲያን፣ እስላም የእስላም እርድ ነው የሚበላው። የግመል ሥጋማ፣ ማንም ይረደው ማን፣ ለእኛ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ቤታችን ሥጋ የሚገባው ለገናና ለፋሲካ፣ የሰፈሩ ሐበሾች በግ በጋራ ገዝተው፣ የግቢውን በር ዘግተው ራሳቸው ሲያርዱ ብቻ ነበር። ምግብ ቤት ስንሄድ ከበርበራ የሚመጣ የተጠበሰ ዓሣ ወይም ፓስታ ነው የምንበላው። እማዬ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም።

አባዬ ግን ያውቅ ነበር። በበጋ፣ ደረቁ ነፋስ ከንፈራችንን በሚሰነጥቅበት ወራት፣ ሥራ ስለሚበዛለት ቀኑን ሙሉ ከሶማሌዎቹ ግንበኞች ጋር ይውላል፣ ምሳም ሲሆን ሁሉም በአንድ ትሪ ዙሪያ ይቀመጣሉ። «አብሬው ግድግዳ ሳቆም የዋልኩትን ሰው ከትሪው ብሸሽ፣ የሸሸሁት እሱን ነው» ይል ነበር። ይህን እማዬም ታውቃለች፤ «እሱ ከፈጣሪው ጋር ይተዋወቅ» ብላ ትታዋለች። የማታውቀው ሌላ ነበር። አሠሪዎቿ ድግስ ኖሯቸው አምሽታ በምትመጣበት ቀን፣ አባዬ እኔንና ናሆምን እዚያው ምግብ ቤት ወስዶ ግመል ያበላን ነበር። ጃማ የሻኛውን ጮማ ይመርጥልናል፣ እኛ ሎሚ እንጨምቅበታለን፣ ወዙ እስከ ክርናችን ይወርዳል። ሲያበቃ አባዬ እጃችንን ደጋግሞ በሳሙና ያጥበንና የናና ማስቲካ ይገዛልን ነበር። «ለእማዬ እንዳትናገሩ» ብሎን አያውቅም፤ ማስቲካው በቂ ነበር። ልዋሽ አልፈልግም፣ በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም።

በልግ ሲገባ እትዬ ሙሉ እንደምትመጣ ተሰማ። እትዬ ሙሉ የእማዬ ታላቅ እህት ናት፤ እናታቸው ስትሞት እማዬን ያሳደገቻት እሷ ናት፣ የእኔም የክርስትና እናት ናት። ደብረ ብርሃን እህል ትነግዳለች፣ ልጅ አልወለደችም። በስልክ ባገኘችን ቁጥር «ያችን ልጅ ላኪልኝ፤ በባዕድ አገር ሃይማኖቷን ሳታውቅ ልታድግ ነው» ትል ነበር፤ እማዬም «እትዬ፣ እዚህም እኮ ጾማችንን እንጾማለን፣ ጸሎቷንም አስተምሬያታለሁ» ትላለች። በመጨረሻ «እንግዲያው መጥቼ በዓይኔ ልይ። ደህና ከሆነች ትቅር፤ ካልሆነች ግን ይዣት እሄዳለሁ፣ ቃልሽን ስጪኝ» አለች። እማዬ ለእትዬ ሙሉ እምቢ ብላ አታውቅምና ቃሏን ሰጠች። ይህ ሁሉ በፊቴ ነው የተወራው። መሄድ አልፈለግኩም። ደብረ ብርሃን ለእኔ ብርድና ስም ብቻ ነበር።

በሰሙነ ሕማማት መጣች። ወጃሌ ላይ ነጠላዋን አውልቃ ጥቁር ሻርፕ እንድትከናነብ ስለመከሯት ተቆጥታ ነበር፤ ከሻንጣዋ ግን ለእኛ በሶ፣ ቆሎና በላስቲክ ጠርሙስ የተሞላ ጠበል አወጣች። ሳምንቱን ሙሉ ስታየኝ ሰነበተች። ስሰግድ ታያለች፣ አቡነ ዘበሰማያት ስደግም ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትከተለኛለች፣ ስሳሳት ትይዘኛለች ብዬ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ነበር የምደግመው። አልተሳሳትኩም። በፋሲካ ዕለት፣ በሩ ተዘግቶ በጉ ታርዶ በልተን ከጨረስን በኋላ፣ ራሴን ዳብሳ እማዬን «አላሳፈርሽኝም» አለቻት። እማዬ ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

አባዬ ደስታውን መያዝ አልቻለም። ለዳግማይ ትንሣኤ «እትዬን ምግብ ቤት እንጋብዛት» አለ። እማዬ «ቤት ያለው መች አነሰ?» ብትለውም፣ «እንግዳ ሀርጌሳ ድረስ መጥታ፣ ምግብ ቤት ሳትገባ ትመለሳለች?» ብሎ ጠዋት ሄዶ ጃማን «ዛሬ ዓሣ ብቻ፣ ከዓሣ ሌላ ምንም እንዳታመጣ» ብሎ አስጠንቅቆት ተመለሰ።

ያን ቀን ዝናብ ዘንቦ ነበር፣ መንገዱ ቀይ ጭቃ ሆኗል። መጋረጃው ተዘጋ፣ ዓሣው መጣ፣ እትዬ ሙሉ ባርካ ቆረሰች። ሙዙን እንዴት እንደሚበላ ሳሳያት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ «የሰፈሬ ሰው ቢያየኝ እብድ ናት ይለኛል» አለች። ከዚያ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ «እንግዲህ ልጅሽን ያዢ፤ እኔም ካሁን በኋላ አልጨቀጭቅሽም» አለቻት እማዬን። እማዬና አባዬ ተያዩ። ደስ ሲላቸው እንደዚያ ሲተያዩ ከዚያ በኋላ አላየሁም።

መጋረጃው እንደገና ተከፈተና ጃማ ሁለት እጁን ሙሉ ትልቅ ትሪ ይዞ ገባ። ፊቱ በሙሉ ጥርስ ሆኗል።

«አብሽር ደምሴ! ወላሂ፣ እንዲህ ያሉ ትልቅ እናት ከሩቅ አገር መጥተው ዓሣ አብልቶ መሸኘት እኛ ጋ ነውር ነው! ዓሣ ምግብ ነው እንዴ? ይሄ በእኔ ነው። ግመል ነው፣ ሻኛውም አለ። ልጆቹ የሚወዱትን ቦታ ራሴ ነኝ ያስቆረጥኩት!»

ጃማ፣ አባዬ ጠዋት የነገረውን እንደ ትሕትና ነበር የቆጠረው። በእነሱ ዘንድ እንግዳ የሚከበረው በግመልና በፍየል ነው፤ ዓሣ የቸገረው ሰው ምግብ ነው። ማንም አፉን ሳይከፍት ናሆም ሎሚውን አንሥቶ ጨመቀና ከጮማው ጎረሰ። አምስት ዓመቱ ነበር፣ ምን ያውቃል?

እትዬ ሙሉ አልጮኸችም። ድምፅዋን አለስልሳ «የኔ ጌታ፣ ከዚህ በፊትም በልተህ ታውቃለህ?» አለችው።

«ከአባዬ ጋር ነዋ!» አለ ናሆም እያላመጠ። «እሷም ትበላለች» ብሎ ወዝ የነካ ጣቱን ወደ እኔ ዘረጋ።

እማዬ እህቷን አላየችም፣ እኔንም አላየችኝም፤ አባዬን ብቻ ነበር የምታየው። ጃማ የሆነ ነገር እንደ ተበላሸ ገብቶት ፈገግታው ከፊቱ ላይ ጠፋ፣ ትሪውን ያስቀመጠበትን እጁን የት እንደሚያደርገው ቸገረው። በሶማልኛ «ምን አጠፋሁ?» አለው አባዬን። አባዬ እጅጌውን ሰብስቦ፣ እትዬ ሙሉ ፊት፣ ከትሪው ቆርሶ በላ። «እግዜር ይስጥልን ጃማ፣ አላጠፋህም» አለው በአማርኛ። ያኔ ድፍረት መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ሌላ ምን ማድረግ ይችል ነበር? እትዬ ሙሉ ከብርጭቆዋ ውኃ አፍስሳ ጣቶቿን ተለቃለቀች።

ማታውን አባዬና እማዬ በግድግዳው ወዲያ ማዶ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» ትላለች እማዬ።

«ብነግርሽ እሺ ትይኝ ነበር?»

«አልልህም ነበር። ግን አውቀው ነበር። ከሰው ፊት ነው እንዴ የልጆቼን ነገር የምሰማው?»

ጠዋት ስነሣ እማዬ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ እያጣጠፈች ነበር። የሚገርመው፣ የከለከለቻት እትዬ ሙሉ ነበረች። «ተይ አንቺ፣ እኔ እኮ ልውሰዳት አላልኩም። ሲያስተኛኝም አላደረ፤ ልጅ ከእናቷ ጉያ ነው» አለቻት። እማዬ ግን ቀና ሳትል «ቃል ሰጥቼሻለሁ» አለች። አባዬ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲሚንቶ የያዘ ጥፍሩን ይፈቀፍቅ ነበር። ብዙ ዓመት ለሃይማኖቴ ብላ የላከችኝ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ አይመስለኝም። አባዬን ልትቀጣው ነው የላከችኝ፣ ቅጣቱ እኔ ላይ እንደሚያርፍ ግን ልብ አላለችም። በዚህ ነገር እስካሁን አዝንባታለሁ።

ከእትዬ ሙሉ ጋር ደብረ ብርሃን ገባሁ፤ ብዙም ሳይቆይ ክረምቱ መጣ። ዝናቡ ሳያባራ ቀን ከሌት ይወርድ ነበር፣ ብርዱም አጥንት ይሰብር ነበር፤ እኔም የሀርጌሳን አቧራ እንኳ እናፍቅ ነበር። እትዬ ሙሉን ልከሳት አልችልም፤ ከራሷ ጋቢ ሥር አስተኝታ አሳድጋኛለች፣ አስተምራኛለች፣ የዚያን ቀን ነገርም አንሥታብኝ አታውቅም። በመስከረም ሲደውሉልኝ ከኋላቸው የሳህን ድምፅ እሰማለሁ። «ማን መጣ?» እላለሁ። እገሌ መጣ ይሉኛል፣ ምግብ ቤት ነን ይሉኛል። ናሆም ስልኩን ሲቀበል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአማርኛ፣ በኋላ በቅይጥ ያወራኝ ነበር፤ በመጨረሻም ሰላምታውን ብቻ ተናግሮ ለአባዬ ይመልስለት ነበር።

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ሀርጌሳ ሄጄ ነበር። ጃማ ከለቀቀ ቆይቷል፣ ምግብ ቤቱም ተስፋፍቶ ሌላ መስሏል። ናሆም ጢም አውጥቷል፣ ከአባዬ ጋር ይለስናል፤ በሶማልኛ ሲቀላለዱ፣ ቋንቋው ስለጠፋብኝ እኔ ሳይገባኝ አብሬ እስቃለሁ። እዚያው ምግብ ቤት የግመሉ ትሪ መጣና መሐል ላይ ተቀመጠ፤ ለእኔ ዓሣ ለብቻ በሳህን ቀረበልኝ። አባዬና ናሆም እጃቸውን ዘረጉ። እማዬም ዘረጋች። ሎሚ ጨምቃ፣ ከጮማው ቆርጣ፣ እያወራች በላች፣ ዘወትር የምታደርገው ነገር ስለሆነ ማንም ልብ አላላትም። ያኔ ከትሪው የራቀችው እሷ ነበረች፣ ዛሬ ሦስቱ አንድ ላይ ይበላሉ፣ የራቅኩት እኔ ነኝ።

«ታዲያ እኔን ለምን ላክሽኝ?» ልላት አፌን ከፈትኩ። እማዬ ይህን ስታይ የግመሉን ወዝ ከእጇ ታጥባ፣ ከሳህኔ ላይ ዓሣውን ከእሾሁ ለይታ ጠቅለል አደረገችና፣ «እሰይ የኔ ልጅ» ብላ አጎረሰችኝ። ጎረስኩ።