ጥሩወርቅ ለልጇ የጠየቀችው ጥሎሽ

ጥሩወርቅ ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ከእኛ አጥር ማዶ የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ገብስና ድንች ታመርታለች፤ ብዙ አትናገርም። ታላቅ እህቷ በማህፀን በር ካንሰር ስትሞት ያስታመመቻት እሷ ናት። ያን በጋ ሙሉ የእህቷን ጨርቅ እያጠበች፣ ሰው እንዳያየው ከገለባው ክምር ጀርባ ታሰጣ ነበር።

ስለዚህ የዚህ በሽታ ክትባት በትምህርት ቤት ይሰጣል ሲባል፣ ያኔ ዐሥራ አራት ዓመት የሞላትን ልጇን ትዝታን ራሷ እጇን ይዛ ወሰደቻት። ክትባቱ ያን ጊዜ ሁለት ጊዜ ነበር የሚሰጠው። ትዝታ የመጀመሪያውን ተወጋች። ሁለተኛው ሳይደርስ ጦርነቱ እኛ ድረስ መጣ፤ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ዕድሜዋ አልፏል ተባለ።

ዘንድሮ ታምራት የሚባል ጨዋ ልጅ ትዝታን ለማግባት ሽማግሌ ላከ። ልጅቱም ወዳዋለች። እናትየው ግን "ቆዩ" እያለች ሁለት ጊዜ መለሰቻቸው። ሰው ጥሎሹ ያነሰባት መሰለው። ለእኔ ግን ድንች ስንለቅም እውነቱን ነገረችኝ።

"ክትባቱ የሚሻለው ከጋብቻ በፊት ነው ብለውኛል። ግማሽ ጋሻ አስይዤ እንዴት ልዳራት?"

ጤና ኬላ አብሬያት ሄድኩ። የጤና ሠራተኛዋ እመቤቴ ሰምታት ስታበቃ፣ "እትዬ ጥሩወርቅ፣ አሁን እኮ ለሁሉም አንድ ጊዜ ብቻ ሆኗል። የትዝታም ይበቃታል" አለቻት።

"መድኃኒቱ አልቆባችሁ ነዋ!"

"ኧረ አይደለም!" እመቤቴ ሳቀች። "አንድ ጊዜ የተወጉ ልጆችን ለዓመታት ተከታትለዋል። ከዚያ እነሱ አያት እስኪሆኑ ስንቱ እንደሚታመም በኮምፒውተር አሰሉት። አንዷንም ሳይዘሉ አንድ አንድ ማዳረሱ ይሻላል ነው የሚሉት።"

"አያት እስኪሆኑ? ልጆቹ ገና የት ደርሰው?"

እመቤቴ ሳቋን ተወች። "እሱስ እውነትዎን ነው። የታየው እስካሁን ያለው ነው፤ የቀረው ስሌት ነው። ሁለቴ የተወጋችም ብትሆን ሠላሳ ሲሞላት መመርመር አለባት። ሳይብስ ከተገኘ ይታከማል።"

ጥሩወርቅ ነጠላዋን አጣፋች። ከዚያ፣ "እስከዚያ እኔ እኖር ይሆን?" ብላ ተነሣች።

ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። ትልቁ ሽማግሌ አቶ ሙላቴ ገና ሳይቀመጡ፣ "አንቺ ሴት፣ ዛሬም ካልፈቀድሽ ፍራሽ አንጥፊልን፤ ይህን ዳገት ደግመን አንወጣውም!" አሉ። ሁሉም ሳቁ። "በይ ጥሎሽሽን ንገሪን።"

"ልብስም ወርቅም አልልም። ልጄ ሠላሳ ሲሞላት ታምራት ራሱ ደብረ ታቦር ወስዶ ያስመርምራት። ይማልልኝ።"

"የምን ምርመራ?"

"እህቴን የገደላት የማህፀን በር ካንሰር ነው" አለች። በእኛ ሰፈር ይህን በሽታ ወንድ ፊት በስሙ የጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም። አቶ ሙላቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ከአጥር ውጭ ይጠብቅ የነበረው ታምራት ተጠራ። አንገቱን ደፍቶ፣ "መድኃኔዓለምን፣ አስመረምራታለሁ" አለ።

"ጮክ በል፤ ልጅቱም ትስማ። እኔ ከሌለሁ የምታስታውስህ እሷ ናት።"

ደግሞ ማለ።

"ሰምቻለሁ፣ እማ" አለች ትዝታ ከጓዳ።

ጥሩወርቅ ለሽማግሌዎቹ ጠላ የቀዳችው ከዚያ በኋላ ነው።